ጊዜዋና አሽዋጋንዳ፦ «እናቴ ከጓሮ ነቅላ ትላክልኝ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ

ውድ እህታችን፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከጥቂት ወራት ወዲህ እንቅልፍ እንዳጡ፣ የሥራ ባልደረባዎ አሽዋጋንዳ የሚባለውን የህንድ እንክብል እንደመከረችዎ፣ አንድ ዘመድዎም «ይህ እኮ የእኛው ጊዜዋ ነው፣ ምን ገንዘብ ያስወጣሻል» ስላሉዎት እናትዎ ጎንደር ካለው ቤታችሁ አጥር ሥር ነቅለውና አድርቀው እንዲልኩልዎ እንዳሰቡ ጽፈዋል። በመጨረሻም ጠዋት ጠዋት ሌቮታይሮክሲን፣ ማለትም የአንገት ዕጢ (ታይሮይድ) ሲደክም ሆርሞኑን የሚተካውን ኪኒን፣ እንደሚወስዱ በአንድ መስመር ጠቅሰው አልፈዋል። ከጥያቄው ሁሉ ያሳሰበኝ ያች የመጨረሻዋ መስመር ናት፤ እዚያ ላይ ከመድረሴ በፊት ግን ስለ ተክሉ የማውቀውን ልንገርዎ።

ዘመድዎ ስለ ተክሉ የተናገሩት እውነት ነው። ጊዜዋ፣ አንዳንዱ ግዛዋ የሚለው፣ በትግርኛ ደግሞ አጎል የሚባለው ቁጥቋጦ በሳይንሳዊ ስሙ ዊታኒያ ሶምኒፌራ ነው፤ የህንዱ አሽዋጋንዳም እሱው ነው። ሶምኒፌራ በላቲን «እንቅልፍ አምጪ» ማለት ሲሆን፣ አሽዋጋንዳ የሚለው የሳንስክሪት ስም ደግሞ «የፈረስ ሽታ» ማለት ነው። እርጥቡን ስር በጥፍሩ ፍቆ ያሸተተ ሰው ለምን እንዲህ እንደተባለ ማስረጃ አይጠይቅም።

እኔ ይህን ያወቅሁት በመጽሐፍ አልነበረም። የፋርማሲ ትምህርቴን የተማርኩት ህንድ አገር ፑኔ ከተማ ነው፤ የተከራየሁበት ቤት ባለቤት የሆኑት እናት በፈተና ሰሞን መብራቴ እስከ ሌሊቱ ድረስ ሲበራ ባዩ ቁጥር በትንሽ ድስት ወተት ያፈሉና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ግራጫ ዱቄት፣ ጥቂት የተነጠረ ቅቤና ጥቁር የሸንኮራ ስኳር ጨምረው ያመጡልኝ ነበር። ጣዕሙ መራራ ነው፤ ቅቤውና ስኳሩም መራራነቱን ለመሸፈን የሚገቡ ይመስለኛል። አንድ ቀን ታዲያ ከማድያ ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት የመጡ ዘመዳቸው ከነቅጠሉና ከነፍሬው የተነቀለ አንድ እግር ተክል ይዘውላቸው መጡ። እንደ ወረቀት በሳሳ ሽፋን ውስጥ የተቀመጠችውን ቀይ ፍሬ ሳይ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው የአያቴ ጓሮ ጊዜዋ መሆኑን ለየሁት። «ይህን እኮ በእኛ አገር ከሰል ላይ ጥለን ነው የምንታጠነው» ብላቸው ከት ብለው ሳቁ።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ተክሉ አንድ ቢሆንም አጠቃቀሙ አንድ አይደለም። በእኛ ዘንድ ጊዜዋ በአብዛኛው የሚታወቀው ለቡዳና ለመጋኛ በሚታጠኑት ጢሱ ነው፤ በህንድ የአዩርቬዳ ሕክምና ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲዋጥ የኖረው ስሩ ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው የህንድ ስር ከዱር የተለቀመ ሳይሆን በማድያ ፕራዴሽ፣ በተለይም በኒሙችና በማንድሳውር አካባቢ፣ በማሳ ላይ በክረምቱ ዝናብ ማብቂያ ተዘርቶ ከአምስት እስከ ስድስት ወር ገደማ ሲሞላው የሚነቀል ነው። የማሳው ስር ወፈር ያለና ስታርች የበዛበት ሲሆን ዱር የበቀለው ደግሞ ቀጭንና እንጨትነት የሚያጠቃው ነው። ቅጠሉ ጭራሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ዊታፌሪን ኤ የተባለው ኃይለኛ ንጥረ ነገር በቅጠሉ ውስጥ ከስሩ ይበልጥ ይከማቻል፤ በ2021 እ.ኤ.አ. የህንድ የባህል ሕክምና ሚኒስቴር አምራቾች ቅጠሉን ከመጠቀም ተቆጥበው በስሩ ብቻ እንዲሠሩ አሳስቧል። እናትዎ ደግሞ በፍቅር «ሁሉንም ይሁንላት» ብለው ከነቅጠሉ ደልዘው ቢልኩት ምን ያህል ምን እንደዋጡ እርስዎም እኔም ሐኪምዎም ልናውቅ አንችልም።

ስለ መለየትም አንድ ነገር ልጨምር። ጊዜዋ የእነ ድንች፣ የእነ በርበሬና የእነ እምቧይ ቤተሰብ ነው፤ አስተናግር፣ አንዳንዱ አጤ ፋሪስ የሚለው መርዘኛም፣ ከዚሁ ቤተሰብ ነው። ቆሞ ሲታይ ጊዜዋን የሚያውቅ ሰው አይሳሳትም። ደርቆ፣ ተፈጭቶና በላስቲክ ታስሮ የመጣ ዱቄት ግን ስም የለውም።

አሁን ወደ ታይሮይዱ ልመለስ። አክስቴ እንደ እርስዎ ሌቮታይሮክሲን ከጀመረች ዓመታት ተቆጥረዋል። ከሁለት ዓመት በፊት «ልቤ ይመታል፣ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ቀሚሴ ሰፋኝ» ብላ ደወለችልኝ። ሐኪሟ ደሟን አስመርምሮ የሆርሞኑ መጠን ከፍ ብሎ በማግኘቱ የኪኒኑን መጠን ቀነሰላት። ሦስት ወር ሳይሞላ ደግሞ ተቃራኒው መጣ፤ ብርድ ብርድ አላት፣ ቀኑን ሙሉ መተኛት ሆነ፣ ፊቷ አበጠ። ለበዓል ቤቷ ሄጄ የወጥ ቤት መደርደሪያዋን ስከፍት ከበርበሬው ጣሳ ጀርባ ባዶ የአሽዋጋንዳ ጠርሙስ አገኘሁ። ለካ ከአንድ የህንድ ሸቀጥ ሱቅ ገዝታ «ለጭንቀት» በሚል ሁለት ወር ያህል ወስዳው ኖሯል፤ ልቧ የመታው እየወሰደችው ሳለ ነበር፣ የደከማት ደግሞ ኪኒኑ ከተቀነሰ በኋላ ጠርሙሱ ሲያልቅ ነው። ለሐኪሙ ለምን እንዳልነገረችው ብጠይቃት «ቅጠላ ቅጠል ደግሞ መድኃኒት ነው እንዴ?» አለችኝ። በሐኪሙ አልፈርድም፣ አልተነገረውምና። በእሷም ቢሆን ብዙ መፍረድ አልቻልኩም፤ ሻጩ «ተፈጥሯዊ ነው፣ ከምንም ጋር አይጋጭም» ብሏት ነበር።

የአክስቴ ነገር ብቻውን ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ነገር ግን በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ጥናት የታይሮይድ ዕጢያቸው በጥቂቱ የደከመ 50 ሰዎች ተሳትፈው፣ ከስሩ የተጣራውን በቀን 600 ሚሊ ግራም ለስምንት ሳምንታት በወሰዱት ላይ የታይሮይድ ሆርሞኖች ከፍ ማለታቸው ታይቷል። ኪኒን ለማይወስድ ሰው ይህ ምናልባት ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ መጠኑ ተለክቶ ሆርሞን ለሚወስድ ሰው ግን በተለካው ላይ ያልተለካ መደረብ ነው።

ለእንቅልፍስ ይረዳል ወይ? በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ግምገማ 400 ሰዎች የተሳተፉባቸውን አምስት ጥናቶች ሰብስቦ ሲመዝን ውጤቱ አነስተኛ ቢሆንም እውነተኛ ሆኖ አግኝቶታል፤ ይበልጥ የታየውም እንቅልፍ ማጣት በሕመምነት በታወቀባቸው፣ በቀን 600 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ በወሰዱ፣ ቢያንስ ስምንት ሳምንታት በታገሡ ሰዎች ላይ ነው። ስለዚህ ባልደረባዎ ያልሆነ ነገር አልነገረችዎትም። እኔም በፑኔ ሳለሁ እተኛ ነበር፤ ከዱቄቱ ይሁን ከትኩሱ ወተት ይሁን ወይም እናት ከሚመስል ሰው እጅ ከመጠጣቴ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አልወሰንኩም።

ጉዳቱን በተመለከተ በጉበት ላይ የሚደርሰውን ማወቅ አለብዎ። በ2020 እ.ኤ.አ. ከአይስላንድና ከአሜሪካ አምስት ሰዎች መውሰድ ከጀመሩ ከሁለት እስከ 12 ሳምንታት ባለው ጊዜ ውስጥ ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ፣ ሰውነታቸውን እያሳከካቸው ለሐኪም መቅረባቸው ተመዝግቧል። የማንኛቸውም ጉበት ሥራውን እስከ ማቆም አልደረሰም። ዴንማርክ በ2023 እ.ኤ.አ. ተክሉን በምግብና በተጨማሪ ምግብነት እንዳይሸጥ ያገደችው ግን በዋናነት ለሆርሞንና ለጽንስ በመስጋት ነው። እርጉዝ ሴት በጭራሽ ልትወስደው አይገባም፤ የስኳር፣ የግፊት፣ የማስተኛና የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ሳይጠይቁ ባይነኩት ይሻላቸዋል።

በእርስዎ ቦታ ብሆን ግን ከሁሉ በፊት ሌላ ነገር እጠይቅ ነበር። የሌቮታይሮክሲን መጠን ከሚያስፈልገው ሲበልጥ ከሚያሳያቸው ምልክቶች አንዱ ራሱ እንቅልፍ ማጣት ነው። ምናልባት እንቅልፍዎን የነሳዎት ያው የጠዋቱ ኪኒን ከሆነ አሽዋጋንዳ መጨመር «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ይሆንብዎታል፤ ለዚህ ተረት ከዚህ የተሻለ ቦታ አላጋጠመኝም። ስለዚህ መጀመሪያ የቲኤስኤች ምርመራ እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ፤ የታይሮይድ ሆርሞን መብዛቱን ወይም ማነሱን የሚያሳይ ቀላል የደም ምርመራ ነው። ቁጥሩ ልክ ሆኖ ሐኪምዎ ይሞክሩት ቢልዎ፣ ከስሩ ብቻ የተሠራ መሆኑ፣ የሚሊ ግራሙ መጠንና የዊታኖላይዱ (የተክሉ ዋና ንጥረ ነገሮች) መቶኛ የተጻፈበትን ይግዙ፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜም ቲኤስኤችዎን በድጋሚ ያስለኩ። ልብዎ ያለ ምክንያት ከመታ፣ ሽንትዎ እንደ ሻይ ከጠቆረ ወይም ቆዳዎ ካሳከከዎ በዚያው ቀን አቁመው ይደውሉ። የወሰዱትን ሲናገሩም ጠርሙሱን ይዘው ይሂዱ፣ «አንድ ቅጠል ነገር» አይበሏቸው።

ለእናትዎ ደግሞ እንዳይነቅሉት ይንገሯቸው። አገር ቤት ሲገቡ ሊያጥኑዎ ከፈለጉ እሺ ይበሏቸው፤ መስኮቱን ብቻ ከፈት ያድርጉ፣ የጊዜዋ ጢስ ያስለቅሳል።