ላይብረሪው የሲስተሙ ነው ወይስ አብሮ የታሸገው? ጠይቁኝ

ከሶርስ ኮድ ሶፍትዌር ስለመገንባት የጠየቃችሁኝን እነሆ። ምሳሌዬ ዜድሊብ ነው፤ ዳታ የሚጨምቅ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ዝግጁ ኮድ) ሲሆን ብዙ ፕሮጀክት ኮፒውን ከራሱ ኮድ ጋር አብሮ ያሽጋልና።

ጥያቄ፦ ዜድሊብ ኡቡንቱዬ ላይ አለ። ኮንፊገር (ከግንባታ በፊት ሲስተሙን የሚፈትሸው ስክሪፕት) ግን «የለም» ብሎ አብሮት የመጣውን ይገነባል። ለምን?

መልስ፦ የዴቭ ፓኬጁ ሳይጎድልህ አይቀርም። ፕሮግራም ለማስኬድ ላይብረሪው ራሱ ይበቃል፤ ኮምፓይል ለማድረግ ግን ሄደር ፋይሉ (የላይብረሪውን ፋንክሽኖች ለኮምፓይለሩ የሚያስተዋውቀው) የግድ ነው፣ ኡቡንቱና ዴቢያን ደግሞ ለየብቻ ነው የሚያቀርቧቸው። ሄደሩ ያለበትን ዜድሊብ1ጂ-ዴቭን ጫን። ካልሆነ ኮንፊገር የሚጽፈውን መዝገብ ኮንፊግ.ሎግን ክፈት። ኮንፊገር አጭር የሲ ፕሮግራም ጽፎ ኮምፓይል ለማድረግ ይሞክራል፣ እምቢ ሲለው «የለም» ይልሃል፤ ኮምፓይለሩ ምን ብሎ እንደጮኸ እዚያ ቃል በቃል ታገኘዋለህ።

ጥያቄ፦ ጫንኩት፣ ያው ነው።

መልስ፦ የድሮው መልስ ካሽ ተደርጎ (ተቀምጦ) ይሆናል፣ በተለይ የግንባታ መሣሪያህ ሲሜክ ከሆነ። የቢልድ ፎልደሩን አጥፍተህ ከባዶ ጀምር።

ጥያቄ፦ እኔ ሳላውቅ ወደ ታሸገው እንዳይቀይርብኝስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ የምትፈልጊውን በግልጽ ንገሪው። ኮምፓይለሩ ጂሲሲ ራሱ ሲገነባ ካልነገሩት የራሱን ዜድሊብ ነው የሚጠቀመው፤ የሲስተሙን ከፈለግሽ --ዊዝ-ሲስተም-ዜድሊብ ትሰጪዋለሽ። ሜሰን የተባለው የግንባታ መሣሪያ ላይ --ራፕ-ሞድ=ኖፎልባክ ካልሽው ላይብረሪውን ሲያጣ ወደ ታሸገው አይዞርም፣ ኤረር ሰጥቶ ይቆማል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁሉም እንዲህ መሆን ነበረበት። ሳይናገር የሚቀይር ኮንፊገር ዋጋ የሚያስከፍለው ቆይቶ ነው።

ጥያቄ፦ ቢልዱ አልቋል። የትኛው እንደገባ በምን ልወቅ?

መልስ፦ ባይነሪው (ተገንብቶ የወጣው የፕሮግራም ፋይል) ላይ ሪድኤልፍ -ዲ የሚለውን ትእዛዝ አስኪድ። «ኒድድ» ከሚሉት መስመሮች ውስጥ ሊብዚ.ኤስኦ.1 (የዜድሊብ ላይብረሪ ፋይል) ካለ ከውጭ ነው የሚጭነው፤ ከየት እንደሆነ ኤልዲዲ የሚባለው ትእዛዝ ያሳይሃል፣ አንዳንዱ የራሱን ኤስኦ ይዞ ይመጣልና። ከሌለ ባይነሪው ውስጥ ያሉ ጽሑፎችን የሚያወጣውን ስትሪንግስን አስኪድና «ኢንፍሌት» የሚለውን ፈልግ። ዜድሊብ ውስጥ ከስሪት ቁጥሩ ጋር ከዜድሊብ ደራሲዎች አንዱ የሆነው የማርክ አድለር ኮፒራይት መስመር አለ። እሱ ከወጣ ኮዱ እዚያው ባይነሪው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ቁጥሩ 1.2.11 ከሆነ፣ ፓች ካልተደረገበት በቀር፣ እ.ኤ.አ. በ2022 በ1.2.12 የተደፈነው የሜሞሪ ቀዳዳ አሁንም አብሮህ አለ።

ጥያቄ፦ ይሄ ሁሉ ጣጣ ለምን?

መልስ፦ የዌብፒ ምስሎችን የሚያነበውን ላይብረሪ ሊብዌብፒን አስታውሱ። ሴፕቴምበር 2023 ላይ ከባድ ቀዳዳ ሲገኝበት ክሮም፣ ፋየርፎክስና በኤሌክትሮን (የዴስክቶፕ አፕ መሥሪያ) የተሠሩ አፖች የየራሳቸውን ኮፒ ይዘው ስለነበር እያንዳንዳቸው ለየብቻ መታደስ ነበረባቸው። የሲስተሙን የሚጠቀም ፕሮግራም ግን አንዱ ፓኬጅ ታድሶ ሪስታርት ሲደረግ አብሮ ዳነ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ሁሌም የሲስተሙን?

መልስ፦ አይደለም። ፕሮጀክቱ ኮፒውን ራሱ ቀይሮት ከሆነ የሲስተሙ ሲገባ ሥራው ሊበላሽ ይችላል፤ ሪድሚውን ሳታዩ አታስገድዱት። በዲስትሮአችሁ (እንደ ኡቡንቱ ያለው ሊነክስ) ያለው የላይብረሪው ስሪት ካረጀም የታሸገውን ተጠቀሙ፣ ግን ስሪቱን ጽፋችሁ ያዙና የደህንነት ማስታወቂያዎቹን ራሳችሁ ተከታተሉ።