ካራቢነሩን ብቻ ለውጠን እንቀጥል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ትልቅ ዛፍ ከላይ እየቆራረጥን ስናወርድ የካሩኮላው (ገመዱ የሚያልፍበት መዘውር) ካራቢነር፣ ማለትም በር ያለው የብረት ማያያዣ፣ ተከፍቶ ግንዱ መሬት ወደቀ። ሰው አልተጎዳም። ገመዱ አዲስ ነው፤ ካራቢነሩን ለውጠን እንቀጥል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንኳን ሰው ተረፈ። ግን አትቀጥሉ።

ካራቢነሩን አዙረህ እየው። ጎኑ ላይ ቁጥሮች ተቀርጸዋል። በቁመቱ ሲሳብ 24 ኪሎኒውተን የሚችለው፣ በሩ ከተከፈተ 7 ብቻ ሊችል ይችላል። 1 ኪሎኒውተን የ100 ኪሎ ክብደት ገደማ ነው። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ገጥሞኛል። በሩ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ጉቶ ላይ ተደግፎ ነበር፤ ማጠፊያው ውስጥ የዛፍ ሙጫ ደርቆበታል። ከታች ሆኜ የተዘጋ መስሎኝ ነበር። እስከዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

ካሩኮላው ላይ ደግሞ ጭነቱ እጥፍ ይሆናል። 150 ኪሎ ግንድ ሲንጠለጠል፣ ከታች የያዘው ሰውም ያንኑ ያህል ስለሚስብ፣ ማሰሪያው ላይ 300 ገደማ ያርፋል። ያውም ቀስ ብሎ ከተንጠለጠለ ነው። ወድቆ ድንገት ቀጥ ካለ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ገመድ የያዘው ልጅ ግጥም አድርጎ አያቁመው፤ እያስኬደ ቀስ በቀስ ይያዘው።

ገመዱን አዲስ ነው ብለህ አትመነው። ውስጡ ሲጎዳ ከላይ ላይታይ ይችላል። እንዲህ ከተመታ በኋላ ግንድ አታውርዱበት፣ ሰውማ በፍጹም አይውጣበት። ካሩኮላውንም በካራቢነር ሳይሆን በራሱ ማሰሪያ ገመድ የቆመው ዛፍ ላይ እሰሩት። ማሰሪያ ገመድ የሚከፈት በር የለውም።

ግንዱ ሊያርፍ በሚችልበት ቦታ ሁሉ ማንም አይቁም። ገመድ ያዡም ጭምር።