ውሻው ነው ወይስ እኔ ነኝ የምንሸራሸረው?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ? ገርጂ ነው የምኖረው። ቦቢ የሚባል የጀርመን ሼፐርድ ክልስ አለን፣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይፈታል። ጠዋት ጠዋት ላናፍሰው ይዤው ስወጣ ገና በሩ ገርበብ ሲል ተወርውሮ ይወጣል፤ ከዚያ እስክንመለስ ድረስ እየጎተተኝ ነው፣ ባለፈው ኮብልስቶኑ ላይ ሊደፋኝ ምንም አልቀረው። “ቦቢ ተው! ቦቢ ቀስ!” ስል ስሙን ሰፈሩ ሁሉ ለመደው፣ እሱ ግን አይሰማም። ወንድሜ አንገቱን የሚያንቅ ሰንሰለት እንግዛለት ይላል። ዘበኛችን ደግሞ ዱላ ካልቀመሰ አይገባውም ይላሉ። ምን ላድርግ?
ክንዷ ሊገነጠል የደረሰ

መልስ፦ እህቴ፣ ሰንሰለቱም ዱላውም ይቅር። ሰንሰለቱ ጉሮሮውን ሊጎዳው ይችላል፣ ዱላው ደግሞ አንቺን መፍራት ነው የሚያስተምረው።

ቦቢ የሚጎትትሽ ንቆሽ አይደለም። አለቃ ልሁን ብሎም አይደለም። መጎተት ስላዋጣው ነው። ይጎትታል፣ አንቺ እየተንገዳገድሽ ትከተያለሽ፣ ማሽተት የፈለገው ግንድ ጋ ይደርሳል። በቃ፣ ተሳካለት! በዚያ ላይ መልሰሽ ስትስቢው ይብስበታል፤ ውሻ ወደ ኋላ ሲሳብ ሳያስበው ወደ ፊት ይገፋል። ስለዚህ ሕጉን ገልብጪው፦ ገመዱ ሲረግብ እንሄዳለን፣ ሲወጠር እንቆማለን። ሌላው ሁሉ የዚህ ዝርዝር ነው።

ግቢ ውስጥ ጀምሪ። ትንሽ ሥጋ ወይም ሳንባ ቀቅለሽ በጥፍር መጠን ቆራርጪና ኪስሽ ያዢ። (የወጥ ትራፊ ግን አደራ! ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደሙን ይጎዳዋል፣ እኛ ሀገር ስንቱ ውሻ ይህንኑ እየበላ እንደሚያድግ ሳስብ ይገርመኛል።) ገመዱን አስረሽለት አንድ እርምጃ ሂጂ። ጎንሽ ካለ አጉርሺው፣ እዚያው ጉልበትሽ አጠገብ፣ ፊት ለፊትሽ አይደለም፤ ምግብ የሚገኝበትን ቦታ ውሻ አይረሳም። ከዚያ ሁለት እርምጃ፣ ከዚያ አምስት።

የእናንተ ትልቁ ችግር ግን በሩ ላይ ነው። ተወርውሮ የወጣ ውሻ መንገድ ላይ አይረጋጋም፣ ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው እዚህ ጋ ይሁን። እጅሽን ወደ መቀርቀሪያው ስትሰጂ ከዘለለ እጅሽን መልሺ። በሩን ገርበብ ስታደርጊ ከተወረወረ ዝጊው፣ አፍንጫውን እንዳትመቺው ብቻ ተጠንቀቂ። አትቆጪው፣ ምንም አትበይው። ቁጭ ሲል ወይም ቀና ብሎ ሲያይሽ ክፈቺ። በሩን የሚከፍተው መረጋጋቱ መሆኑን ራሱ ይደርስበታል። መጀመሪያ ሰሞን የሽርሽሩ ሰዓት በር በመክፈትና በመዝጋት ቢያልቅ አይክፋሽ፣ ጎረቤት የፈለገውን ይበል።

ውጪ ስትወጡ ገመዱ በተወጠረ ቁጥር ቀጥ ብለሽ ቁሚ። አትሳቢ። ዞር ሲል፣ ወይም ገመዱ ሲረግብ፣ “ጎበዝ!” በይና ቀጥዪ። ቆመሽለትም ካልዞረ ፊትሽን አዙረሽ ወደ መጣሽበት ሂጂ። በደንብ ሲሄድልሽ ደግሞ ግንዱን እንዲያሸት ልቀቂው፤ ለውሻ ማሽተት ከሥጋ አይተናነስም።

ዕቃን በተመለከተ፣ ደረቱ ላይ ገመድ የሚታሰርበት የደረት ማሰሪያ ካገኘሽ እሱን ግዢ፤ ሲጎትት ራሱን ወደ ጎን ያዞረዋል። ካጣሽ ሰፊ የአንገት ማሰሪያ ይበቃል፣ ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። ገመዱ ሁለት ሜትር ገደማ። እየተለቀቀ የሚጠቀለለውን ግን ተዪው፣ ሁልጊዜ ስለሚወጠር መጎተትን ነው የሚያለማምደው።

አሁን የማትወጂው ነገር። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የሚውል ውሻ በሩ ሲከፈት ቢያብድ አይፈረድበትም። ከመውጣታችሁ በፊት ግቢውን ዘግታችሁ ልቀቁትና ኳስ ወርውሩለት፣ ይሩጥ። ቢቻል ደግሞ የሚታሰርበት ሰዓት ይቀነስ። ዘበኛችሁንም አሳምኛቸው። አንቺ ስትቆሚ እሳቸው የሚከተሉት ከሆነ ቦቢ የባሰ ችኮ ይሆናል፤ ሎተሪ ቆራጭ አንዴ ስለደረሰው አይደል ዕድሜ ልኩን የሚቆርጠው?

ጥያቄ፦ የኔዋ በደንብ ትሄዳለች። የሰፈር ውሾች ስታይ ግን ታብዳለች፣ መያዝ ያቅተኛል። ከባሕር ዳር

መልስ፦ ወንድሜ፣ ያንተ ጉዳይ ርቀት ነው። ውሾቹን አይታ ገና ሳትጮህ ስንት ሜትር ላይ እንደሆነች ልብ በል። እዚያው ቁምና አከታትለህ አጉርሳት፣ ከዚያ ተመለስ። በቀናት ውስጥ ቀስ እያልክ ቅረብ። ከጮኸች በኋላ ጉርሻም ቁጣም አይሠራም፣ መንገድ ተሻግሮ መራቅ ብቻ ነው። ውሾቹ ተሰብስበው ከመጡባችሁ አትሩጥ፣ እሷን ከጎንህ ይዘህ ቀስ ብለህ ራቅ።

የእብድ ውሻ ክትባቷ ካለፈ ደግሞ ሥልጠናው ይቆይና አስከትባት። አንተን ከነከሱህ ቁስሉን በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ እጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂድ። ትንሽ ጭረት ናት ብለህ እንዳታሳድራት።