በጻፉት ነገር ኒሻን ይነጠቃል ወይ? ጥያቄና መልስ

እንግሊዞች ከሁለት ሰዎች ላይ በትዊተር ጽሑፍ ሰበብ ኒሻን መልሰው መውሰዳቸውን ካወራሁ ወዲህ ከደብረ ብርሃንም ከመንዝም ጥያቄው በዝቷል። የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ (መሐል ሜዳ)፦ ጋሼ፣ ሰዎቹ እነማን ናቸው? ምን ጽፈው ነው?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 2024 ላይ ነው። አንዱ ነጋዴው ሎርድ ራሚ ሬንጀር ናቸው። አንዲት ጋዜጠኛን በትዊተር ማዋከባቸው ቀደም ብሎ በሎርዶች ምክር ቤት (በእንግሊዝ ፓርላማ የላይኛው ምክር ቤት) ተመርምሮ ጥፋተኛ ተብለዋል። ሌላው ለሂንዱ ማኅበረሰብ የሚሟገቱት አኒል ብሃኖት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ባንግላዴሽ ውስጥ ሂንዱዎች ሲጠቁ የጻፉት ሙስሊሞችን የሚያንቋሽሽ ነው ተባለ፤ እሳቸው ግን ለተጠቁት ነው የተናገርኩት ብለው ተከራክረዋል።

ጥያቄ፦ ንጉሡ ተቆጥተው ነው?

መልስ፦ አይደለም። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ ነው፤ ሐሳቡ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በኩል ለንጉሡ ይቀርባል፣ ከዚያ በመንግሥት ጋዜጣ ይታወጃል። የሬንጀር ሎርድነት ግን አልተነካም፤ እሱን ለመውሰድ ፓርላማ ሕግ ማውጣት አለበት።

ጥያቄ (ደብረ ሲና)፦ ይሄ ታዲያ አፍ መዝጋት አይደለም?

መልስ፦ እኔ አይመስለኝም። ማንም አላሰራቸውም፣ ዛሬም መጻፍ ይችላሉ። የእኛ አገር የጥላቻ ንግግር አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ግን እስር አለበት፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ እስከ 3 ዓመት። ኒሻን ሌላ ነገር ነው። በሰፈራችን ሽማግሌ አንዱን ወገን በአደባባይ ከሰደበ ማን ለዕርቅ ይጠራዋል? አይታሰርም፣ ግን ወንበሩ ይቀራል። ብሃኖት የተሸለሙት ሰውን ከሰው በማቀራረብ ነበርና ጥያቄው እዚያው ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የሞተ ሰውስ ይነጠቃል?

መልስ፦ ኒሻኑ ከባለቤቱ ጋር ስለሚያበቃ የሚነጠቅ ነገር የለም።

ጥያቄ (አጣዬ)፦ በ2013 ከተማችን ስትቃጠል ቤታችን ወድሟል። ዝም ልበል ነው የምትለኝ?

መልስ፦ በጭራሽ እህቴ። ያን ጊዜ ስልካችን ላይ ሲዘንብ የነበረውን ስድብ አልረሳሁትም፤ እኔም እጄ ሊጽፍ ደርሶ ነበር፣ ምክንያቱም የሚያውቁት ሰፈር አመድ ሲሆን ዝም ማለት ሆድን ያቃጥላል። አንቺ ጻፊ። ቀኑን ጻፊ፣ የትኛው ቤት እንደተቃጠለ፣ ያየሽውን ሁሉ። ያደረገውን ሰው ካወቅሽ ለሕግ ተናገሪ። ሕዝቡን ወይም ሃይማኖቱን በጅምላ አትጥሪ። ፎቶውን አታጥፊው፣ ሌላ ቦታም ቅጂ ይኑርሽ።