«ገርፈው ያስተምሩልን» ብለን ነበር፤ አሁን ኡስታዙን መክሰስ እንችላለን?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጎንደር አዲስ ዓለም ነው። የ9 ዓመት ልጄ ከትምህርት ቤት መልስ መድረሳ ቁርአን ይቀራል። ትናንት ሱራ ተሳሳተ ብሎ ኡስታዙ በጎማ ገረፈው፤ ጀርባው ሰንበር በሰንበር ሆኗል። ስናስመዘግበው «ገርፈው ያስተምሩልን» ብለን ነበር። ባለቤቴ ኡስታዝ መክሰስ ነውር ነው ይላል።

መልስ፦ ያ ቃላችሁ ኡስታዙን አያድነውም። መብቱ የልጁ ስለሆነ እናንተ ልትሰጡበት አትችሉም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት አካልን ከሚጎዳ ቅጣት ይጠብቃል። መድረሳ ትምህርት ቤት አይደለም የሚል ክርክር ቢነሳ እኔን አያሳምነኝም፤ ልጅ ተቀምጦ የሚማርበት ቦታ ነው። የየኔታ ጉባኤ ቢሆንም መልሴ ያው ነው፤ በከተማችን አለንጋ ሃይማኖት አይመርጥም።

በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 መሠረት ልጅ በአደራ የተሰጠው ሰው በማናቸውም ምክንያት ቢደበድበው እስከ 3 ወር ቀላል እስራት ይጠብቀዋል፤ ጉዳቱ ከባድ ከሆነ ከ1 ዓመት አያንስም። እዚያው ለመልካም አስተዳደግ ሲባል ከሕግ ሳይወጡ መቅጣት የተፈቀደ ነው የሚል ንዑስ አንቀጽ አለ፤ የኡስታዙ ጠበቃ የሚይዘው እሱን ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2039ም ይመዛል፦ መምህር ተማሪውን በመጠኑ ቢመታ አይጠየቅም የሚል አሮጌ ድንጋጌ። ከሕገ መንግሥቱ ወዲህ ይህ ይጸናል ብዬ አላምንም። ቢጸናም እንኳ ሰንበር ያወጣ ጎማ «በመጠኑ» አይባልም።

አስር ዓመት ሲሞላቸው ምቷቸው የሚለው ሐዲስም ይጠቀስብዎት ይሆናል። እኔ ዓሊም አይደለሁም፤ ሐዲሱ ግን የሚናገረው ስለ ሰላት ነው። ልጅዎ ገና 9 ዓመቱ ነው፣ የተሳሳተውም ሱራ ነው።

ሰንበር ቶሎ ይጠፋል። ዛሬውኑ ፎቶ አንሱት፤ ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ለሐኪም የሚጻፍ ደብዳቤ ይጠይቁ። ልጁን «እንዲህ በል» አትበሉት፣ በራሱ አፍ ይናገር። ለጉዳት ካሳ የፍትሐ ብሔር ክስ ማቅረቢያው 2 ዓመት ነው።

ባለቤትዎ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ከመረጡ አልቃወምም፤ ግን የሕክምና ማስረጃው ቀድሞ እጃችሁ ይግባ፣ ኡስታዙም ዳግም ላለመምታት በጽሑፍ ይፈርም። እስኪፈርም ልጁ ቤት ይቅራ።