ገንዘብ ለሌለው የሮክ ባንድ ክሊፕ፦ ጥያቄና መልስ ከጋሽ ካሜራ ጋር

አዘጋጁ፦ ስለ ሮክ ክሊፕ ስትጠይቁ ሰንብታችኋል። ዛሬ ማታ ጋሽ ካሜራ ይመልሳል። ከከተማ ዳር፣ ከአያት፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከሱሉልታ በኩል ለምትቀርጹ ቅድሚያ እንሰጣለን። እባካችሁ ጥያቄ አትድገሙ።

ጋሽ ካሜራ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። የዘፈኑ የመጨረሻ ማስተር፣ ክሊፑ ላይ የሚሰማው ያለቀው ቅጂ፣ እጃችሁ ሳይገባ ካሜራ አትከራዩ። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እላለሁ፣ እንዳይሰለቻችሁ። ቀጥሉ።

ቤዚስቱ ከአያት፦ ጋሼ እንዴት አመሸህ? አራት ልጆች ነን፣ ብር የለንም። አሪፍ ክሊፕ ለመሥራት ምን ያስፈልገናል?

ጋሽ ካሜራ፦ ይሄ ምኑን ጥያቄ ሆነ? ምን አላችሁ? ካሜራ አለ? ቦታ አለ? ማስተሩ አልቋል? ለይተህ ጠይቅ።

ቤዚስቱ ከአያት፦ እሺ። ማስተሩ አልቋል። አንድ ካሜራ ለአንድ ቀን እንከራያለን። ያላለቀ ሕንፃ ውስጥ ባንዱ ሲጫወት ነው የምንቀርጸው። ዘፈኑን ከስልክ በብሉቱዝ ስፒከር ብንለቀው ይበቃል?

ጋሽ ካሜራ፦ አሁን ጠየቅክ። አይበቃም። ድራመሩ ገና አንዴ ሲመታ ያቺ ትንሽ ስፒከር ትዋጣለች። ዘፋኙ ዘፈኑን አይሰማም፣ በግምት አፉን ያንቀሳቅሳል። ክሊፑ የሚበላሸው እዚያው ነው። ተመልካች የካሜራውን ዋጋ አያውቅም፤ ከንፈርና ድምፅ ሲለያዩ ግን ሕፃን ልጅም ያውቃል።

ሞንታርቦ፣ ትልቁን ስፒከር፣ ተከራዩ። ከሰፈር ሠርግ ቤት የምታገኙት ዓይነት ይበቃል። ስልኩን በገመድ አገናኙት። ከዚያ ስልኩን ከኔትወርክ አውጡት፣ አለበለዚያ አንዱ ቀረጻ (ቴክ) መሃል ላይ እናትህ ትደውላለች። ስፒከሩን ከድራመሩ አጠገብ አስቀምጡ፤ የባንዱን ምት የሚይዘው ድራመሩ ነው።

ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት አራት ምት ቲክ ቲክ አስገቡበት። ሁሉም ባንድ ላይ ይነሳል፣ ኤዲተሩም ማስገጠሚያ ያገኛል። ሁለተኛውን ስንኝና ሶሎውን ለብቻ ቆርጣችሁ በተለያየ ፋይል ያዙ። ለእነሱም ቲክ ቲክ ይግባላቸው። ሶሎውን ብቻ ለመድገም አራት ደቂቃ ሙሉ መጠበቅ የለባችሁም።

የካሜራው ማይክ ሁልጊዜ ክፍት ይሁን። ያንን ድምፅ ማንም አይሰማውም፣ ግን ኤዲተሩ ከማስተሩ ጋር የሚያገጥመው በእሱ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ የሚባለው የኤዲት ፕሮግራም በነፃው እትም እንኳ ሁለቱን ድምፆች አይቶ ራሱ ያገጥማቸዋል።

አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልጨምር። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ካሜራው ከስፒከሩ 34 ሜትር ቢርቅ የዘፈኑ ድምፅ ማይኩ ጋ የሚደርሰው አንድ አሥረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው። በሰከንድ 25 ፍሬም (ምስል) ስትቀርጹ ሁለት ፍሬም ተኩል ማለት ነው። ስለዚህ ከኮረብታ ላይ በረጅም ሌንስ የተቀረጸውን ሾት ኮምፒውተሩ ቢያገጥመውም ከንፈሩ ይዛነፋል። እሱን በዓይን አስተካክሉ። ስኔሩ፣ ያ ጯሂው ከበሮ፣ ሲመታ ስቲኩ የነካበትን ፍሬም ፈልጉ።

በመጨረሻ፣ ዘፋኙ ድምፁን አውጥቶ ይዝፈን። አፍ ብቻ የሚያንቀሳቅስ ሰው አንገቱ ያስታውቃል።

ድራመሯ፦ ድምፁን ለመቀነስ ከበሮዎቹ ላይ ፎጣ አድርጉ ሲሉ እሰማለሁ። ስቲኩ አይነጥርም እኮ! እጄ ሐሰት ይመስላል።

ጋሽ ካሜራ፦ ልክ ነሽ። ፎጣ ላይ አይሁን። ቶሞቹን ከሥራቸው፣ ካሜራ በማያይበት በኩል በጨርቅ አፍኛቸው። ሲምባሎቹን ከታች በኩል ፕላስተር ለጥፊባቸው። አንቺ ደግሞ በጆሮ ማዳመጫ ስሚ፣ ገመዱ በሸሚዝሽ ውስጥ ይለፍ። ግን በኃይል ምቺ። ማስተሩ ላይ የሌለ ሲምባል አትምቺ፤ ድራም የሚጫወት ሁሉ ያይብሻል።

ድራመሯ፦ ድራሙን ኮዬ ድረስ በምን እናድርሰው?

ጋሽ ካሜራ፦ ዳማስ። ቀጣይ።

ጊታር ወዳድ፦ ስለ ማስታወቅ ካነሳህ፣ አብዛኛው ክሊፕ ላይ ጊታሩ ገመድ እንኳ አልተሰካበትም። ሜዳ ላይ ቆሞ ዲስቶርሽን፣ ያ የኤሌክትሪክ ጊታር ሻካራ ድምፅ! ያናድዳል።

ኤዲተር ጀሞ፦ ማን ያያል? ክሊፕ ነው እንጂ ኮንሰርት አይደለም። በዚያ ላይ ገመድ ፍሬም ያበላሻል።

ጊታር ወዳድ፦ ሮክ የሚሰማ ሰው ያያል። ሌላው መቼም አያየውም።

ኤዲተር ጀሞ፦ ሌላውስ እንዲያይ አትፈልግም?

ጋሽ ካሜራ፦ ገመዱን ሰኩት። አምፑን፣ የጊታሩን ድምፅ ማጉያ፣ ማብራት አያስፈልግም፣ ባዶ ሳጥን ቢሆንም ግድ የለም። ግን ሰኩት። አለቀ።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ለክሊፕ የትኛው ካሜራ ይሻላል?

ጋሽ ካሜራ፦ የምታገኘው።

ከሱሉልታ፦ ሜዳ ላይ ልንቀርጽ ነው። ጓደኛዬ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ስላለ መብራት አያስፈልግም ይለኛል። እውነት ነው?

ጋሽ ካሜራ፦ ጓደኛህ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር በላይ ከ2000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናቸው፣ ፀሐዩ ኃይለኛ ነው። እኛ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ ቀን 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናታችን ላይ ነው የሚቆመው። ጥላ እግር ሥር ይገባል። የዘፋኙ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል።

ጠዋት ፀሐይ ከወጣ ጀምሮ እስከ 2 ሰዓት ተኩል ቅረጹ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከ10 ሰዓት እስከ 12። በመሃል እረፉ፣ ብሉ፣ የቤት ውስጥ ሾት ካለ እሱን ሥሩ። የግድ በቀትር ከሆነ አቡጀዲ ግዙ። ሰፋ አድርጋችሁ በእንጨት ወጥሩና ከዘፋኙ በላይ ሁለት ሰው ይያዘው። ነጭ ፖሊስታይሪን ደግሞ ከታች ሆኖ ፊቱ ላይ ብርሃን ይመልስ። ይህ ሁሉ የአንድ መብራት ኪራይ አይሞላም። ምሽት እንደ አውሮፓ ፊልም አይረዝምላችሁም፣ እዚህ ፀሐይ ቶሎ ነው የሚጠልቀው። የመጨረሻዋን ሾት 12 ሰዓት ላይ ማሰብ ከጀመራችሁ አመለጠቻችሁ።

ኤንዲ ፊልተር፣ ሌንስ ላይ የሚገጠመውን ብርሃን ቀናሽ መስታወት፣ አትርሱ። በጠራራ ፀሐይ፣ በአይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ሹተሩን አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ አድርጋችሁ ሌንሱን ወደ 2.8 ስትከፍቱ ስድስት ስቶፕ ያህል ብርሃን ይተርፋል (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው)። ኤንዲ 64 ይበቃችኋል። ሎግ፣ ቀለሙ በኋላ የሚስተካከል ደብዛዛ ምስል፣ የምትቀርጹ ከሆነ መነሻው አይኤስኦ 800 የሆነ ካሜራ አለ፤ እዚያ ላይ ሌላ ሦስት ስቶፕ ጨምሩ።

ከሱሉልታ፦ ፈቃድስ? ከአዲስ አበባ ያወጣነው ደብዳቤ አለ።

ጋሽ ካሜራ፦ ሱሉልታ አይሠራም። ሸገር ከተማ በ2015 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሱሉልታ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ለገጣፎ በእሱ ሥር ናቸው። ኦሮሚያ ነው። እዚያ ያለውን ወረዳ አነጋግሩ፣ ደብዳቤውም በአፋን ኦሮሞ ቢሆን ሥራችሁ ይቀላል። ድንበር ላይ ከሆናችሁ ነዋሪውን የትኛው ወረዳ ሄደው እንደሚገለገሉ ጠይቁ። ደብዳቤውን ብዙ ኮፒ አድርጉ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የብሎኩን ኮሚቴና ጥበቃዎቹን በዋዜማው አናግሩ። ድንጋይ ካባ ወይም ማሳ ከሆነ ባለቤት አለው፤ ባዶ የሚመስል መሬት ሁሉ ባዶ አይደለም። የወታደር ካምፕ፣ ፖሊስ፣ የመብራት ኃይል ጣቢያ በፍሬማችሁ እንዳይገባ።

አዲስ ገቢ፦ በድሮን ከላይ ብናነሳውስ?

ጋሽ ካሜራ፦ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ አለህ? ከሌለህ ተወው። ደረጃ ላይ ወጥተህ ቅረጽ።

የድሮ ሰው፦ ይቅርታ፣ እኔ የማይገባኝ አንድ ነገር አለ። ሮክ የኛ ሙዚቃ ነው እንዴ? ልጆቹ ጥቁር ለብሰው ጭንቅላት ሲያወዛውዙ አያለሁ። ለማን ነው የምትሠሩት?

ጊታር ወዳድ፦ አባባ፣ ጃኖ የሚባለው የሮክ ባንድ ከመጣ አሥር ዓመት አልፎታል። አምባሰልን በዲስቶርሽን ሰምተውት ያውቃሉ?

የድሮ ሰው፦ አምባሰል በማሲንቆ ነው የሚያምረው።

ድራመሯ፦ ሳክስፎንም ከውጭ ነው የመጣው፣ አሁን ትዝታን ያለ እሱ የሚያስበው ማን ነው?

የድሮ ሰው፦ እሱስ ልክ ነሽ። ግን ጭንቅላት ማወዛወዙ…

ጊታር ወዳድ፦ እስክስታስ ትከሻ ማወዛወዝ አይደል?

ጋሽ ካሜራ፦ በሉ ይብቃ! ስለ ክሊፕ ነው የመጣነው። ነጠላ የለበሰ ጊታሪስት ግን አታምጡብኝ። ባህል ለማሳየት ተብሎ የሚደረገውን በሩቁ አውቀዋለሁ። ልብሳቸው የራሳቸው ይሁን።

ኤዲተር ጀሞ፦ በስልክ የተቀረጸ ነገር እየመጣልኝ ተቸገርኩ። መጀመሪያ ላይ ይገጥማል፣ ሦስተኛ ደቂቃ ላይ ከንፈሩ ይቀድማል። ምንድነው?

ጋሽ ካሜራ፦ ጥሩ ጥያቄ። ስልክ በራሱ ሲቀርጽ የፍሬም ቁጥሩን ያለዋውጣል። አሁን 30 ነው፣ ብርሃን ሲቀንስ 27 ይሆናል። ኤዲት ላይ ይንሸራተታል። የመጣልህን ወደ ቋሚ 25 ፍሬም ቀይረህ ጀምር። ለሚቀርጹት ደግሞ ንገራቸው፦ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለውን ነፃ መተግበሪያ ይጫኑ። 25 ፍሬም፣ ሹተር አንድ ሃምሳኛ፣ ፎከሱንና ነጭ ሚዛኑን (የቀለም ማስተካከያውን) ይቆልፉ።

25 የምለው በምክንያት ነው። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። አምፖል ባለበት ክፍል 30 ፍሬም በአንድ ስልሳኛ ስትቀርጹ ምስሉ ይርገበገባል። ኤዲት ላይ ማጥፋት መከራ ነው። ርካሽ ኤልኢዲዎች በዚህም በዚያም ይርገበገባሉ፤ ከመከራየታችሁ በፊት አብርታችሁ በካሜራው እዩዋቸው።

ቤዚስቱ ከአያት፦ ዘፋኙ እየዘፈነ በስሎሞሽን እንዲታይ እንፈልጋለን። ከንፈሩስ?

ጋሽ ካሜራ፦ ዘፈኑን አፍጥናችሁ ልቀቁለት። በ50 ፍሬም ቀርጻችሁ በ25 ስታጫውቱት ምስሉ በግማሽ ይዘገያል። ስለዚህ በቀረጻው ሰዓት ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ይለቀቃል፣ ዘፋኙ በዚያ ፍጥነት ይዘፍናል። ሲዘገይ ከንፈሩ ከማስተሩ ጋር ይገጥማል። ለቀስታ ዘፈን ይሆናል። ፈጣን ሮክ ከሆነ ግን ምላሱ ይተሳሰራል። ያኔ በ30 ቅረጹና ዘፈኑን 20 በመቶ ብቻ አፍጥኑት። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን ፀጉርና ልብስ ከበድ ብሎ ይንቀሳቀሳል። የፈጠነውን ፋይል ቤት አዘጋጅታችሁ ኑ። እና ከማስተሩ ይሁን! ከማስተሩ። ዴሞ (ያላለቀ ቅጂ) ላይ ቀርጻችሁ በኋላ ሚክስ ሲደረግ ሁለት ቢት ቢጨመር ያ ሁሉ ቀረጻ ገደል ገባ።

አዲስ ገቢ፦ ጠቅላላ ስንት ብር ይፈጃል?

ጋሽ ካሜራ፦ ዋጋ አትጠይቁኝ፣ በየሳምንቱ ይለዋወጣል። ምሳና ትራንስፖርት ግን ቀድማችሁ ያዙ። የተራበ ጊታሪስት ሦስተኛ ቴክ ላይ ይጠፋል። ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ በያይነቱ እዘዙ።

ከሱሉልታ፦ ክረምት ላይ ብንቀርጽስ? ዝናቡ ለሮክ ይሄዳል።

ጋሽ ካሜራ፦ ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ዝናቡ ከሰዓት ነው የሚመጣው፣ ጠዋቱን ተጠቀሙበት። ኤሌክትሪክ ያለው ነገር ሁሉ ከመሬት ከፍ ይበል፣ ጄኔሬተሩም ሸራ ሥር ይሁን፣ ግን ሳይታፈን። ጭሱ ደግሞ ወደ ሰው እንዳይመጣ። ሰው እንዳይሞትባችሁ። መስከረም ላይ አደይ አበባ ያለበት ሜዳ እንዲሆን የምታስቡም ካላችሁ፣ እሱን ሁሉም ይቀርጸዋል።

ጊታር ወዳድ፦ ክሊፑ የማን ንብረት ነው? የባንዱ ወይስ የካሜራማኑ?

ጋሽ ካሜራ፦ የቅጂ መብት አዋጅ አለ፣ ቁጥር 410/1996። ሕግ አዋቂ ጠይቅ። እኔ የማውቀው ከቀረጻ በፊት በወረቀት ተስማምቶ መፈረም ነው።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ካሜራው ግን ሶኒ ይሻላል ካኖን?

ጋሽ ካሜራ፦ አዘጋጁ፣ ይህን ልጅ ያዝልኝ።

ኪቦርዲስቷ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ቅዳሜ ካሜራ ተከራይተናል፣ ቀብድ ከፍለናል። ማስተሩ ግን አላለቀም። ስቱዲዮው ሰኞ ነው ያለን።

ጋሽ ካሜራ፦ ምን ብዬ ጀመርኩ ዛሬ?

ኪቦርዲስቷ፦ አውቃለሁ ጋሼ። ቀብዱ አይመለስም።

ጋሽ ካሜራ፦ እሺ። ቅዳሜ ማንም አይዝፈን፣ ማንም አይጫወት። ድምፅ የማይፈልገውን ሁሉ ቅረጹ። ባንዱ ድራም ተሸክሞ ደረጃ ሲወጣ፣ ገመድ ሲፈታ፣ ዳማሱ ውስጥ ተጨናንቆ ሲሄድ፣ ሰፈሩ፣ የሕንፃው ብረት፣ የእያንዳንዱ ፊት። የባንዱን ጨዋታ ማስተሩ ሲመጣ በስልክም ቢሆን በአንድ ጠዋት ትጨርሱታላችሁ፤ 25 ፍሬም፣ ሞንታርቦ፣ ቲክ ቲክ። ቅዳሜ በካሜራው የተጠቀማችሁበትን ነጭ ሚዛን ጻፉት፣ ስልኩንም በዚያው ቆልፉት፤ ሁለቱ ቀለም ይቀራረባል።

ኪቦርዲስቷ፦ ነጭ ሚዛኑን ማን ይጻፈው?

ጋሽ ካሜራ፦ አንቺ።