ማላካይቱ ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር የሚሞገደው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ 3 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሞላላ የማላካይት (ባለቀለበት አረንጓዴ ድንጋይ) ካቦሾን፣ ማለትም ፊቱ ጉብ ያለ የጌጥ ድንጋይ፣ እየሠራሁ ነው። በአልማዝ ዲስክ ከቁጥር 80 (ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ዲስኩ ሻካራ ነው) ተነስቼ እስከ 14,000 ደርሻለሁ። የመጨረሻዎቹ ዲስኮች ከሥራቸው ስፖንጅ አላቸው። ድንጋዩ ያብረቀርቃል፤ ግን ብርሃን ሥር ሳዘነብለው ፊቱ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ከኔ በፊት የነበረው ሰው በማጣበቂያ የደፈነው ቀዳዳም ደብዝዞ ቀርቷል። ፖሊሽ በደጋገምኩ ቁጥር እየባሰ ነው።

መልስ፦ ፖሊሹን አሁኑኑ ያቁሙት። ጥርጣሬዬን ያጠናከረው «እየባሰ ነው» ያሉት ነው። ጭረት ቢሆን ኖሮ ወይ ይቀንሳል፣ ወይ ባለበት ይቆያል እንጂ አይብስም። ድንጋዩን አድርቀው የአንድ አምፖል ነጸብራቅ ቀለበቶቹን አቋርጦ እንዲያልፍ አድርገው ይያዙት። የነጸብራቁ ጠርዝ ከአንዱ ቀለበት ወደ ሌላው ሲሻገር የሚሰበር ከሆነ፣ አንዱ መስመር ጎድጉዶ ሌላው ጉብ ብሏል ማለት ነው። ጥፋቱ የተሠራው ከፖሊሹ በፊት ነው።

ይህ የሚሆንበትን ምክንያት በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ማላካይት የሚያበላሹ ሰዎች ሁሉ የሚስቱት እዚህ ላይ ነውና። ማላካይት ወጥ አካል አይደለም። ከአንድ መሃል ተነስተው ወደ ውጭ ያደጉ ቀጫጭን መርፌዎች ተጣብቀው፣ ንብርብር በንብርብር ላይ ሆነው የተሠራ ነው። ከ1 እስከ 10 በሚቆጥረው የሞስ የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ ጥንካሬው ከ3.5 እስከ 4 ቢሆንም፣ አንዱ ንብርብር ጥቅጥቅ ያለ፣ ቀጥሎ ያለው ላላ ያለ ሊሆን ይችላል። ካቦሾን ደግሞ ጉብታ ስለሆነ መርፌዎቹን አንድ ቦታ በጫፋቸው፣ ሌላ ቦታ በጎናቸው ይቆርጣቸዋል። ስለታም የዲስክ ብናኝ ለዚህ ልዩነት ደንታ የለውም፤ ሁሉንም እኩል ይቆርጣል። የደነዘዘ ብናኝ ግን ጥቅጥቁን መቁረጥ ያቅተውና ላላ ያለውን ብቻ እያሸ ያወጣዋል። ለዓመታት የተረገጠ የጣውላ ወለል አይተው ከሆነ፣ እንጨቱ አልቆ ጉጡ ጉብ ብሎ እንደሚቀረው ማለት ነው። ስፖንጁ ደግሞ ጎድጓዳው ውስጥ ገብቶ ያንኑ ይቦረቡራል። ድንጋዩ ለስላሳ ስለሆነ ድጋፉም ለስላሳ ይሁን የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ አይሠራም።

ቁጥር 80ም ለዚህ ድንጋይ አይሆንም። ከሚቆርጠው በታች ያሉትን መርፌዎች ሰባብሮ ይተዋል፤ ስብርባሪው በኋላ ተነቅሎ ሲወጣ ቀዳዳ ይሆናል። ሲጀመር ከ220 ነው።

ስለዚህ ወደ 280 ይመለሱ። ውሃ የሚችል የሲሊከን ካርባይድ ብርጭቆ ወረቀት በጠንካራ ፕላስቲክ ላይ ለጥፈው በእጅ ይሥሩ፦ 280፣ 400፣ 600፣ 1200። ሞገዱ ሙሉ በሙሉ መጥፋት ያለበት 280 ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያጠፋው የለም። ግፊቱ የጣትዎ ክብደት ብቻ ይሁን። በየደረጃው አቅጣጫ ይቀይሩ፣ ድንጋዩንና እጅዎን ይታጠቡ፣ በ10 እጥፍ አጉሊ መነጽር ያለፈው ደረጃ ጭረት መጥፋቱን ይመልከቱ። ወረቀቱ መንሸራተት ሲጀምር ይጣሉት። ርካሽ የአልማዝ ዲስክም አይመኑ፤ 3,000 ተብሎ በተሸጠ ዲስክ ላይ አንዲት ሻካራ ቅንጣት ከኖረች የሰዓታት ልፋት ገደል ትከታለች።

ይህን ሁሉ ሲሠሩ ድንጋዩ ርጥብ ይሁን። ማላካይት የመዳብ ማዕድን ነው፤ ብናኙ ሳንባ የሚገባ መርዝ ነው። በደረቁ መሞረድ ፈጽሞ አይፈቀድም። ፒ 100 የተባለ፣ ደቃቅ ብናኝ የሚያስቀር ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያድርጉ፤ ጭቃው ሳይደርቅ በርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

የተደፈነው ቀዳዳ በሱፐር ግሉ የተሞላ ይመስለኛል። ወፍራም ማጣበቂያ በአንዴ አፍስሶ፣ ቶሎ እንዲደርቅ የመጋገሪያ ሶዳ ነስንሶበት መሄድ የሰነፍ ሥራ ነው፤ ነጭ ነጥብ ትቶ ይሄዳል። ድንጋዩን ክዳን ባለው ብርጭቆ ውስጥ፣ ከእሳት ርቆ፣ አየር በሚገባበት ቦታ አሴቶን (ማጣበቂያ የሚያለሰልስ ፈሳሽ) ውስጥ ይዘፍዝፉትና በማግስቱ የለሰለሰውን በመርፌ ያውጡ። ቀዳዳው የመርፌ ጫፍ ያህል ከሆነ ቀጭን ሱፐር ግሉ በስሱ እየደጋገሙ ይሙሉና 24 ሰዓት ይጠብቁ። ሰፊ ከሆነ ግን ማጣበቂያ እንደ ድንጋዩ አያበራም፤ ጉብታውን ዝቅ ማድረግ ይሻላል። ድንጋዩን ከመያዣው እንጨት ጋር ሲያጣብቁም ትኩስ ሰም አይጠቀሙ፤ ሙቀት ይሰነጥቀዋል።

ለፖሊሹ ጠንካራ ድጋፍ ላይ የተወጠረ ቆዳ ይጠቀሙ፣ በደቂቃ ከ500 ዙር ባይበልጥ። ፖሊሹ ክሮሚየም ኦክሳይድ የተባለው አረንጓዴ ዱቄት ይሁን፤ ለነጣ ድንጋይ ባይመረጥም እዚህ ቀለሙ አያስቸግርም። አንድ ማንኪያ በውሃ የተበጠበጠ ፖሊሽ ውስጥ 3 ወይም 4 ጠብታ ኮምጣጤ ይጨምሩ፤ አሲዱ ካርቦኔቱን በጥቂቱ እየበላ ፊቱን ያለሰልሰዋል። ከበዛ ግን ያደበዝዘዋል። ቆዳው የማይንጠባጠብ ግን ርጥብ ይሁን፤ ለ5 ሰከንድ ያህል አስነክተው ያንሱና ሙቀቱን በእጅዎ አንጓ ይለኩ። ሲጨርሱ ጥቂት የመጋገሪያ ሶዳ ባለው ውሃ ያለቅልቁት።

ቆዳው ላይም የማላካይት ጭቃ አለ። ደርቆ እንዳይቦን ታጥቦ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይቀመጥ።